ሰብለ ወንጌልና የካዛንቺስ ሴት

የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ ስለ መጽሐፉ የተናገሩት ሁሉ የባላባትን ትዕቢትና የድኻን መናቅ ሳያነሡ አያልፉም። ይህ አነባበብ እውነት ቢሆንም ጐዶሎ ይመስለናል፤ ደራሲው ሰውን በአንድ ሚዛን ብቻ አልመዘኑትምና።

በዛብህ የድኻ ልጅ ነው፤ ነገር ግን ወንድ በመሆኑ የቅኔ ቤት በር ተከፈተለት፤ ትምህርቱም ከፊታውራሪ መሸሻ ግቢ አስገባው። ሰብለ ወንጌል ደግሞ የትልቅ ሰው ልጅ ናት። እንግዲህ አንባቢ ልብ ይበል፤ የዘር ክብርና ሴትነት ተደምረው እኩሌታ ክብር አልሰጧትም፤ ክብሩ ራሱ ተለውጦ ቁልፍ ሆነባት እንጂ። አባቷ ለዘሩ የሚመጥን ባል ሲያማርጥ የማግቢያዋ ጊዜ አለፈ። የጭሰኛ ልጅ ብትሆን ኖሮ ይህን ያህል የሚጠብቃት አልነበረም። በዛብህን ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ስትነሣም የመነኩሴ ልብስ መልበስ ግድ ሆነባት፤ የፊታውራሪ ልጅነት በበረሃ መንገድ ሴትን አይጠብቅም። በእኛ ግምት ከመጽሐፉ ሁሉ ጥልቁ ስፍራ ይህ ነው።

ቅሬታችን ሌላ ነው። ድኻም፣ ሴትም፣ ፊደል ያልቈጠረችም የሆነችው ሦስተኛዪቱ ሰው በመጽሐፉ መካከል ቦታ አላገኘችም። እርሷም እንደ ሰብለ ወደ አዲስ አበባ ተነሥታለች፤ የደረሰችውም ቂርቆስ፣ ካዛንቺስ ነው። የሰፈሩ ስም ራሱ የማዕረግ ታሪክ አለው፤ በጠላት ወረራ ዘመን ለኢጣልያ መንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ተቋም ስም የወጣ ነው። የፋሽስት አገዛዝ የነጩንና የሐበሻውን መኖሪያ ለመለየት ያቀደ ነበርና፣ ሐበሻ በዚያ ቢታይ ለአገልግሎት ነበር። ከነጻነት በኋላ መጠጥ ቤቱ በዛ። ከአንድ መንደር የመጡ ወንድምና እኅት ድኽነታቸው አንድ ሳለ፣ ወንድሙ ዘበኛ ወይም ወታደር ሆኖ ማታ ይማራል፤ እኅቲቱን የሚጠብቃት ግርድና ወይም መጠጥ ቤት ነው። የከተማ ልብ ወለዶቻችንም ብዙ ጊዜ እርሷን ወይ ለተግሣጽ ወይ ለእንባ ያቀርቧታል፤ በየትኛው በር እንደ ገባችና የትኛው እንደ ተዘጋባት ግን አይጠይቁም።

በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤት በአዋጅ ሲወረስ አከራይዋ ቀበሌ ሆነ፤ ይህ ለብዙ ድኻ እፎይታ ነበር፤ ግን ውል በስሙ ላለው ነው። ከሌላ ሰው ክፍል ጥግ በመጋረጃ ከልላ በደባልነት የኖረችው ውል አልነበራትም። በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ቤቶች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ መጋረጃውም አብሮ ወረደ። በዛብህን ከወላጆቹ ስለት ጀምረው የተረኩትን ደራሲ ያህል ትዕግሥት ያለው ጸሐፊ ቢገኝ፣ የዚህችን ሴት ታሪክ ከዚያ መጋረጃ ቢጀምርልን እንወዳለን።