የሴኬም ጉባኤ፤ ስለ ሮብዓም ታሪክ አጻጻፍ

በመጽሐፈ ነገሥት ሣልሳዊ በ12ኛው ምዕራፍ የተጻፈው የሮብዓም ታሪክ በዐውደ ምሕረት ሲነገር ብዙ ጊዜ ሰምተነዋል። ሰባኪው የሚያወጣው ምስጢር ዘወትር አንድ ነው፤ ይኸውም የሽማግሌ ምክር ይሻላል የሚል ነው። ይህ ስሕተት አይደለም፤ ነገር ግን ጸሐፊው ያቀናውን ነገር ከግማሹ ይቈርጠዋል።

ታሪኩ የሚነሣው ከሕዝቡ አቤቱታ ነውና። አቤቱታው ከንቱ ጩኸት እንዳይመስለን ጸሐፊው አስቀድሞ ቍጥሩን አኑሮልናል፤ ሰሎሞን 30,000 ሰው በየወሩ 10,000 እያፈራረቀ ወደ ሊባኖስ ሰደደ፤ 70,000 ተሸካሚና 80,000 ድንጋይ ጠራቢ አቆመ፤ ቤተ መቅደሱ በ7 ዓመት ሲፈጸም የንጉሡ ቤት 13 ዓመት ፈጀ። ይህን ያነበበ ሰው፣ ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ930 ዓመት ግድም እስራኤል በሴኬም ተሰብስቦ ቀንበር የምትለውን ቃል ሲያነሣ ክብደቷን ያውቃል። ሕዝቡም ይቅለልልን አለ እንጂ ንጉሥ አንሻም አላለም።

ቅኔ የተማረ ሰው ከዚህ ወዲያ ያለውን አነጋገር ይመርምር። ሽማግሎቹ ማገልገልንና መገልገልን አገላብጠው፣ ንጉሡ ዛሬ ቢያገለግል ሕዝቡ ዘመኑን ሁሉ ያገለግለዋል አሉ፤ ሰሙም ወርቁም ሙሉ ነው። አብሮ አደጎቹ ግን ጣትን በወገብ ላይ፣ ጊንጥን በአለንጋ ላይ ደራረቡ፤ ሰም የበዛበት፣ ወርቅ የሌለው ነው። ብላቴኖች ይላቸዋል፤ ነገር ግን በምዕራፍ 14 ሮብዓም ሲነግሥ 41 ዓመቱ እንደ ነበረ ይነግረናል። ሽሙጡን ልብ ይሏል።

ንጉሡ በ3ኛው ቀን ሲመልስ አለንጋውንና ጊንጡን ተናገረ፤ ስለ ጣቱ የተመከረውን ግን ተወው። ያፈረ ይመስለኛል።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ አዶኒራም ነው። ቀንበር ከብዶናል ለሚል ሕዝብ ሮብዓም የላከው የግዳጁን ሥራ አለቃ ነበር! ሕዝቡ በድንጋይ ወግሮ ገደለው፤ ንጉሡም በሠረገላ ወደ ኢየሩሳሌም ሸሸ። ጸሐፊው በዚህ ላይ አንዲት የፍርድ ቃል አልጨመረም።

ኢዮርብዓም በኋላ በቤቴልና በዳን ያቆማቸው የወርቅ ጥጆች ታላቅ ኀጢአት ናቸው። ሰባኪዎቻችን በዚህ ኀጢአት የሕዝቡን አቤቱታ ይሸፍኑታል፤ መጽሐፉ ግን አንዱን በሌላው አልሸፈነም። ነገሩ ከእግዚአብሔር ነበረ ሲልም የንጉሡን ክፉ መልስ አላቃለለም። ሮብዓም ጦር በሰበሰበ ጊዜ በነቢዩ በሰማያ አፍ የመጣው ቃል ከቤቱ የከዱትን ሰዎች ወንድሞች ብሎ ይጠራቸዋል።