የአንድ ሰው እራት፣ የሁለት አገር ገበታ

በእኛ ቋንቋ እንግሊዙም ጀርመኑም «ፈረንጅ» በሚል አንድ ስም ስለሚጠራ በዓሉም አንድ ይመስለናል። «የፈረንጅ ገና» በተባለ ቁጥር በዓይነ ኅሊናችን የሚደቀነው አንድ ዛፍ፣ አንድ በረዶና ቀይ ካባ የደረበ አንድ ሽማግሌ ነው። ወደ ቤታቸው ጠጋ ብሎ ለተመለከተ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጀርመናዊው ዛፉን አብርቶ ስጦታውን የሚከፋፈለው በዋዜማው፣ ዲሴምበር 24 ምሽት ነው። የዚያች ሌሊት ገበታ ብዙ ጊዜ ቀለል ያለ ነው፤ በብዙ ቤት የድንች ሰላጣና ቋሊማ ይበቃል፤ ዝይ የሚጠበሰው በማግሥቱ ነው። የእንግሊዙ ልጅ ግን እስከ ዲሴምበር 25 ንጋት መታገሥ አለበት። የእርሱ ቤት ድግስ የሚቀርበው በዚያው ዕለት ቀን ነው፤ ተርኪ የሚባለው ትልቅ ወፍ ተጠብሶ ይመጣል፤ በመጨረሻም በዘቢብና በቅመም ተሞልቶ ለሰዓታት የተቀቀለው ፑዲንግ ብራንዲ ፈስሶበት፣ እሳት ተለኩሶበት፣ በሰማያዊ ነበልባል እንደ ተከበበ ከገበታው ላይ ይቀመጣል። ሰዓቱም፣ ምግቡም፣ ሥርዓቱም የተለያየ ነው።

እንግዲህ የአንደኛው ቤት ልማድ ወደ ሌላኛው ቤት ሲገባ ምን ይሆናል? ጥያቄው የወጥ ቤት ብቻ ሳይሆን የኪነ ጥበብም ጥያቄ ነው። ምክንያቱም ሁለቱ አገሮች በብርድ ወራት ከተለዋወጧቸው ነገሮች ሁሉ እጅግ የሚያስገርመው ሳህን ላይ ሳይሆን መድረክ ላይ የቀረበ እራት ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈችው፣ በጀርመን አገር የተቀረጸችው፣ «የአንድ ሰው እራት» የምትባለው የዐሥራ ስምንት ደቂቃ ተውኔት ብዙ ጊዜ የሰካራም ቀልድ ተብላ ትታለፋለች። እኔ ግን ከዚያ በላይ ናት እላለሁ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድሞ ስለ ዛፉ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ የልውውጡ ጠባይ በግልጽ የታየው በእርሱ ነውና። በ1800 የንጉሥ ጆርጅ 3ኛ ባለቤት ንግሥት ሻርሎት፣ ትውልዳቸው ከጀርመን ሜክለንቡርግ ሽትሬሊትስ ነው፣ በዊንድዘር ለልጆች ግብዣ አንድ ቅጠሉ የማይረግፍ ዛፍ በሻማና በጣፋጭ አስጊጠው አቆሙ። ነገሩ ከመኳንንቱ አጥር እምብዛም ሳይወጣ ቆየ። በ1848 አንድ የለንደን ባለ ሥዕል ጋዜጣ ንግሥት ቪክቶሪያ፣ ጀርመናዊው ባለቤታቸው ልዑል አልበርትና ልጆቻቸው በዛፍ ዙሪያ ቆመው የሚያሳይ ሥዕል ካተመ በኋላ ግን ዛፉ ወደ መካከለኛው መደብ ቤት ዘለቀ። ቻርልስ ዲከንስ በ1843 ባሳተመው ዝነኛ የገና ታሪክ ውስጥ የገና ዛፍ የለም፤ በ1850 ስለ ዛፉ ሲጽፍም የጀርመን ነገር መሆኑን ሳይጠቅስ አላለፈም። እንግሊዞች ዛፉን ተቀበሉ፤ የዋዜማውን ሰዓት ግን አልተቀበሉም። ስጦታው እንደ ልማዳቸው ለንጋት ቆየ።

በ1914፣ በመጀመሪያው የጦርነት ገና፣ የጀርመን ወታደሮች ሻማ የበራባቸው ትንንሽ ዛፎች በምሽጋቸው አፋፍ ላይ ደረደሩ፤ በአንዳንድ ግንባርም ሁለቱ ወገኖች ከየጉድጓዳቸው ወጥተው ትምባሆና ምግብ ተለዋወጡ። ከዚያ በኋላ ጦርነቱ ቀጠለ፤ ጥላቻውም ከረረ። በ1917 የእንግሊዝ ንጉሣዊ ቤተ ሰብ ጀርመናዊ የዘር ስሙን ጥሎ «ዊንድዘር» ተባለ። ንጉሡ ስማቸውን ጣሉ፤ ሕዝቡ ግን ዛፉን አልጣለም። በዚያን ጊዜ ዛፉ የባዕድ መሆኑ ቀርቶ የአያት ቤት ዕቃ ሆኖ ነበርና።

ተውኔቷ የተጓዘችው በተቃራኒው አቅጣጫ ነው። ደራሲዋ እንግሊዛዊው ሎሪ ዋይሊ ነው። ኮሜዲያኑ ፍሬዲ ፍሪንተን በእንግሊዝ የባሕር ዳር ከተሞች መድረኮች ላይ ለዓመታት ሲጫወታት ኖረ። በ1962 ጀርመናዊው የመዝናኛ ዝግጅት መሪ ፔተር ፍራንከንፌልት ብላክፑል ላይ አያት፤ በ1963 ፍሪንተንና የመድረክ ባልደረባው ሜይ ዋርደን ሃምቡርግ ድረስ ተጠርተው ሄደው በተመልካች ፊት ሲጫወቱ የሰሜን ጀርመን የራዲዮና የቴሌቪዥን ድርጅት ቀረጻቸው። ቋንቋው አልተለወጠም፤ ሃይንትስ ፒፐር የተባለው አስተዋዋቂ ብቻ በመግቢያው ላይ ታሪኩን በጀርመንኛ ያስረዳል። ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ደግሞ የዲሴምበር 31 ምሽት ቋሚ ዝግጅት ሆናለች። ቤተ ሰቡ አይብ እያቀለጠ፣ ማርማላታ የተሞላ ቦምቦሊኖ እየገመጠ በየዓመቱ ያያታል።

ታሪኩ አጭር ነው። ወይዘሪት ሶፊ ዘጠና ዓመት ሞላቸው። እንደ ልማዳቸው አራት ወዳጆቻቸውን ለእራት ጠርተዋል፤ ሰር ቶቢን፣ አድሚራል ፎን ሽናይደርን፣ ሚስተር ፖመሮይንና ሚስተር ዊንተርቦተምን። አራቱም ከሞቱ ቆይተዋል። ወንበራቸው ግን እንደ ተዘጋጀ፣ ብርጭቋቸውም እንደ ተደረደረ ነው። አሳላፊው ጄምስ በአራቱም ፋንታ ጽዋ እያነሣ፣ በየድምፃቸው ለእመቤቲቱ መልካም እየተመኘ ይጠጣል። አራት ዙር ለአራት እንግዳ፣ ዐሥራ ስድስት ብርጭቆ መሆኑ ነው፤ ሰር ቶቢ ሁልጊዜ ጭማሪ ስለሚወዱ ከዚያም ያልፋል። ምግቡ በተለወጠ ቁጥር ጄምስ ሥርዓቱ እንደ ዓምናው ይሁን ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ እመቤቲቱም እንደየዓመቱ መሆኑን ያረጋግጡለታል። ከወለሉ ላይ ከነራሱ የተነጠፈ የሕንድ ነብር ቆዳ አለ። ጄምስ ዐሥራ አንድ ጊዜ ይደናቀፍበታል።

የምግቡን ዝርዝር በጥሞና የመረመረ ሌላ ነገር ያገኛል። መጀመሪያ የሚቀርበው ሙሊጋቶኒ የሚባል ሾርባ ነው፤ ስሙ ከደቡብ ሕንድ ከታሚል ቋንቋ የመጣ ሲሆን የቁንዶ በርበሬ ውሃ ማለት ነው። ከእርሱ ጋር የእስፓኝ ሼሪ ይቀዳል። ቀጥሎ የሰሜን ባሕር ዓሣ ከነጭ ወይን ጠጅ ጋር፣ ከዚያ ዶሮ ከፈረንሳይ ሻምፓኝ ጋር፣ በመጨረሻም ፍራፍሬ ከፖርቱጋል ፖርት ወይን ጋር ይመጣል። ጀርመናዊው ተመልካች የጠራ የእንግሊዝ ወግ አድርጎ የሚያየው ገበታ ሲፈተሽ እኩሌታው በቅኝ ግዛት፣ እኩሌታው በንግድ መርከብ የመጣ ነው። እንግሊዝ ከራሷ ያቀረበችው ዶሮውንና አሳላፊውን ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ዓሣው እንኳ የተጠመደው ሁለቱን አገሮች ከሚለያየው ባሕር ነው። ያ የነብር ቆዳ፣ ያ የቅኝ ግዛት ዘመን የአደን ምርኮ፣ አሳላፊውን ዐሥራ አንድ ጊዜ ሲያደናቅፍ እመቤቲቱን አንድ ጊዜም አያደናቅፋቸውም። ደራሲው ይህን አስቦበት ይሁን አይሁን አላውቅም፤ መድረኩ ላይ ግን አለ፤ ሐያሲ የሚመረምረውም መድረኩ ላይ ያለውን ነው።

የተውኔቷ ታሪክ የገናም ሆነ የዘመን መለወጫ ታሪክ አይደለም፤ የምታወራው ስለ ልደት ቀን ነው። ታዲያ ጀርመኖች ከዓመቱ የመጨረሻ ምሽት ጋር ለምን አጣበቋት? በእኔ አስተያየት መልሱ ያለው በቅርጿ ነው። ዓምናንና ዘንድሮን የሚያነጻጽረው ያ ተደጋጋሚ ጥያቄና መልስ ራሱ የበዓል ሥርዓት ነው። ተመልካቹም እንደ መዝሙር ተቀባይ ከጄምስ አፍ እየነጠቀ ይመልሳል። እንግሊዝኛ የማያውቅ አያት እንኳ ያችን መልስ ያውቃታል። መደናቀፉም እንዲሁ ነው። የድርጊት ኮሜዲ ተራ ጸሐፊ እጅ ሲገባ አንድን ነገር እስኪሰለች ይደጋግማል፤ እዚህ ግን ጄምስ አንድ ጊዜ ሳይደናቀፍ ያልፍና ዘወር ብሎ ነብሩን በመገረም ያየዋል። ከፍተኛው ሣቅ የሚነሣው ሳይወድቅ ሲቀር ነው። ይህ የሚሆነው ተመልካቹ ሥርዓቱን ከተዋናዩ እኩል ሲያውቀው ብቻ ነው። ዛፉን የእንግሊዝ ያደረገው በየዓመቱ መቆሙ እንደ ሆነ ሁሉ፣ ተውኔቷንም የጀርመን ያደረጋት በየዓመቱ መታየቷ ነው። መነሻን እየቆጠሩ «ይህ የእኛ ነው፣ ያ የእነርሱ ነው» የሚሉ የባህል ሊቃውንት በሁለቱም ፊት መልስ የሚያጡ ይመስለኛል።

ነገር ግን ድግግሞሽ ብቻውን አይበቃም፤ ሌላም የሚደጋገም ቀልድ ሞልቷል። የዚችን ተውኔት ክብደት የሚሸከሙት አራቱ ባዶ ወንበሮች ናቸው። ጊዜውንና ቦታውን እናስብ። በ1943 ሐምሌ ወር የእንግሊዝና የአሜሪካ አውሮፕላኖች ሃምቡርግን ደብድበው ከሠላሳ ሺህ በላይ ሰው ገድለዋል። ከዚያ በፊት በ1940 የጀርመን አውሮፕላኖች የኮቨንትሪን ከተማ ከነካቴድራሏ አቃጥለዋል። ልክ በሃያ ዓመቱ አንድ እንግሊዛዊ ተዋናይ ሃምቡርግ መድረክ ላይ ቆሞ፣ በእንግሊዝኛ፣ ለሞቱ ወዳጆች ጽዋ ያነሣል። ከሟቾቹም አንዱ ጀርመናዊ ስም ያለው አድሚራል ነው! እመቤቲቱ ከሌሎቹ ሳይለዩ ወንበር ሰጥተውታል፤ ጄምስም በእርሱ ፋንታ ተረከዙን ከተረከዙ ጋር ባጋጨ ቁጥር ያመዋል። (ጽዋ የሚያነሣበት ቃል የስካንዲኔቪያ መሆኑ የቀልዱ ግድየለሽነት ነው፤ ልንጣላበት አይገባም።) በዚያ አዳራሽ ከተቀመጡት ስንቱ በቤቱ ባዶ ወንበር ነበረው? ሣቁን ያለዚህ ጥያቄ የሚሰማ ሰው ግማሹን ብቻ ሰምቷል።

የዚህ ዓይነት ገበታ ከመድረክ ውጭም ነበረ። በ1946 የገና ሰሞን የእንግሊዝ መንግሥት በአገሩ ይገኙ የነበሩ የጀርመን የጦር ምርኮኞች የሕዝቡን ግብዣ ተቀብለው ወደ ቤት እንዲገቡ ፈቀደ። ያ ዓመት በእንግሊዝ ዳቦ እንኳ በራሽን የሆነበት ነው። ቤተ ሰብ ከተመደበለት ስኳርና ሥጋ ላይ ቀንሶ የጠላቱን ልጅ አስቀመጠ። ማንም ቴሌቪዥን አልቀረጸውም፤ ከሁለቱ አገሮች የገና ምግብ ልውውጥ ሁሉ ግን እኔ የማስቀድመው ይህን ነው።

በተውኔቷ ላይ የሚነሣ አንድ ብርቱ ተቃውሞ አለ። የሚሣቅበት ሎሌው ነው፤ እመቤት ይበላሉ፣ አሳላፊ ይሰክራል ይባላል። ተቃውሞው ከባዶ የተነሣ አይደለም። ጄምስ አንዲት ጉርሻ አይቀምስም፤ ከአበባ ማስቀመጫው ውስጥ ውሃ እስኪጠጣ ድረስ ሥራውን አያቋርጥም። ሆኖም ትወናውን ልብ ብሎ ያየ ሰው በመድረኩ ላይ ፈጣሪው ማን እንደ ሆነ አይሳሳትም። ያለ ጄምስ ጉሮሮ እንግዶቹ የሉም። አራት ሙታንን በአንድ ገላ ተሸክሞ የሚመላለሰው እርሱ ነው፤ እመቤቲቱ ያላቸው ትእዛዝ ብቻ ነው። ፍሪንተንም ስካሩን በአንድ ጊዜ አያፈነዳውም። መጀመሪያ ድምፁ፣ ቀጥሎ እጁ፣ ከዚያ እግሩ ይከዳዋል፤ ጨዋነቱ ግን እስከ መጨረሻው አብሮት ይቆያል። ሜይ ዋርደን በበኩላቸው ከወንበራቸው ሳይነሡ፣ ባዶውን ወንበር ሰው እንዳለበት አድርገው በማየት ብቻ ሥራውን ይካፈላሉ። ወጣት ተዋንያኖቻችን ይህን አስተያየት ቢያጠኑት እወዳለሁ።

ደካማ ጎኗ መዝጊያዋ ነው። ጄምስ እመቤቲቱን ደግፎ ወደ መኝታ ቤት ሲወጣ የሚወረወረው ባለ ሁለት ትርጉም ቀልድ የባሕር ዳር መድረክ ልማድ ነው፤ ከባዶዎቹ ወንበሮች በኋላ ቀሎ ይታያል። በየጊዜው የሚሠሩት የፖለቲካ ማሾፊያዎችም፣ ለምሳሌ በ2011 አንጌላ ሜርክልን በእመቤቲቱ ኒኮላ ሳርኮዚን በአሳላፊው ቦታ ያስገባው፣ ስካሩን ይወስዱና ሐዘኑን ይተዋሉ። ከ1997 ወዲህ በበርሚንግሃም የተለመደውን የፍራንክፈርት የገና ገበያም በዚሁ ዓይን አየዋለሁ። ትኩሱ ቅመም ያለው ወይን ጠጅና ቋሊማው አይጠላም፤ ግን እዚያ ሻጭና ገዢ እንጂ ጋባዥና እንግዳ የለም።

ፍሪንተን በ1968፣ ዋርደን በ1978 ዐረፉ። ጀርመን በየዓመቱ የምታየውን ቅጂ የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳየው ዲሴምበር 31 ቀን 2018 ነው፤ ከተቀረጸ ከሃምሳ አምስት ዓመት በኋላ፣ እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ለመውጣት ድምፅ በሰጠች በሁለተኛው ዓመት። እንግዲህ ዛሬ በማንኛውም ቋንቋ ሊያዘጋጃት የሚነሣ ሰው ቢኖር ጥቂት ቃል ልጨምር። መብራት ወይም ድምፅ እየተጠቀመ መናፍስት ወደ ወንበሮቹ አያምጣ፤ ባዷቸውን ይተዋቸው። የነብሩንም ራስ አያሳንስ። የአድሚራሉን ጽዋ ደግሞ ከሌሎቹ ትንሽ ዘግየት አድርጎ ያስነሣው፤ ፍሪንተን ተረከዙን ከማጋጨቱ በፊት የሚወስዳት ያች አፍታ ለሣቅ ብቻ የተሠራች አትመስለኝም።