በቆርቆሮ ላይ የሚውል ውሃ

ከቤት ወደ ቤት እየተዘዋወርሁ ስለ መጠጥ ውሃ ንጽሕና ማስተማርን ሥራዬ ባደረግሁባቸው ዓመታት፣ በአዲስ አበባ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ ይልቁንም ከመርካቶ ሱቆች ጀርባ ተደጋግፈው በቆሙት የቀበሌ ቤቶች መካከል፣ ውሃን በፀሐይ ብርሃን እንደ ማንጻት ያለ ወጪው የቀለለ ዘዴ አላገኘሁም፤ ነገር ግን ወጪው የቀለለውን ያህል ጽናት የሚጠይቅ መሆኑን ደግሞ ከየቤቱ ተምሬአለሁ። ሥርዓቱ እነሆ ይህ ነው፤ ጥርት ያለ ባዶ ሃይላንድ (የላስቲክ የውሃ ጠርሙስ) ወስዶ፣ የተለጠፈበትን ወረቀት ልጦ፣ ውስጡን በሚገባ አጥቦ፣ ሦስት አራተኛውን ውሃ ሞልቶ፣ አየር እንዲገባበት ለግማሽ ደቂቃ ያህል ከወዘወዙት በኋላ እስከ አፉ ሞልቶና ክዳኑን አጥብቆ በቆርቆሮ ጣራ ላይ አጋድሞ ማዋል። ሰማዩ ጥርት ያለ እንደ ሆነ 6 ሰዓት ይበቃዋል፤ ደመናው ከሰማዩ እኩሌታ በላይ ከሸፈነ ግን 2 ቀን ይቆያል።

የገፈርሳና የለገዳዲ ውሃ ተጣርቶ፣ ክሎሪንም ገብቶበት እየመጣ፣ እንደ ገና ማንጻት ለምን አስፈለገ ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይጠፋም፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። መልሱ ያለው ውሃው በየተራ በሚለቀቅበት ፈረቃ ላይ ነው። ውሃ በተቋረጠበት ቀን የቧንቧው ውስጥ ግፊት ስለሚወርድ፣ በተሰነጠቀው ስፍራ ሁሉ በዙሪያው ያለው የቦይ እድፍ ወደ ውስጥ ይሳባል፤ ከዚያም በኋላ ውሃው ከቦኖ በጀሪካን ተቀድቶ፣ ከጀሪካን ወደ ባልዲ ተገልብጦ፣ በየእጁ በሚዞር ጣሳ ሲጠለቅ ይሰነብታል። ከማጣሪያው ንጹሕ ሆኖ የወጣ ውሃ ከሕፃኑ አፍ እስኪደርስ ድረስ ስንት ጊዜ እንደሚረክስ ያየ ሰው፣ በ2008 ዓ.ም. አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) በአዲስ አበባ መንደሮች ሲዛመት የደረሰውን ጭንቀት በቀላሉ ይረዳዋል። ውሃ ማፍላት የታወቀ መድኃኒት ነው፤ ሆኖም ከሰሉ በገንዘብ ነው፣ ምድጃ የተሰካ እንደ ሆነም ተከራይን ከአከራይ በመብራት ሒሳብ ያጣላል።

ወደ ፀሐዩ ዘዴ ልመለስ። በበርበሬ ተራ ዛላ እየቀነጠሱ ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን የሚያስተዳድሩ አንዲት እናት፣ ከጣራ ያወረዱትን ሃይላንድ ወደ ጉንጫቸው አስጠግተው ሙቀቱን ከፈተኑ በኋላ፣ «ኧረ ልጄ፣ ይህ ውሃ እንኳን ተሕዋስያን ሊገድል፣ ለብ እንኳ አላለም» አሉኝ። በእውነትም አላለም ነበር። ቆላ አገር ላይ ውሃው ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ ሙቀቱ ብርሃኑን ስለሚያግዘው ሥራው በቶሎ ይፈጸማል፤ አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር በሚያህል ከፍታ ላይ ያለች ቀዝቃዛ ከተማ ስለ ሆነች፣ ጠርሙሱ ከዚያ ሙቀት የሚደርሰው ከስንት አንድ ቀን ነው። በአንጻሩ ግን ይኸው ከፍታ ዓይነተኛ ጸጋ አለው፤ በያንዳንዱ 1,000 ሜትር የአልትራቫዮሌት ጨረር ብርታት 10 ከመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ እኛ ጋ ጀርሞችን የሚፈጀው፣ በውሃው ውስጥ የሟሟውንም ኦክስጅን ቀስቅሶ በጠላትነት የሚያስነሣባቸው፣ በዓይን የማይታየው ይህ ረቂቅ ብርሃን ነው። ለእኒያ እናት ይህን ሁሉ አልዘረዘርሁም። ግቢው ውስጥ በገመድ ላይ የተሰጣውን ቀይ ቀሚስ አሳይቼ፣ «እማማ፣ ይህ ልብስ ሳይሞቅ እንዴት ቀለሙን ለቀቀ? ውሃውንም የሚያነጻው ያው ነው፤ ሰዓቱን ይጠብቁልኝ እንጂ ሙቀቱን አይፈልጉት» ብዬ ነገርኋቸው። ቀሚሱን አዩ፣ ጠርሙሱንም አዩ፤ ከዚያ በኋላ የጠየቁኝ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚያወጡት ነበር።

ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ነው። ይህችን ሰዓት ከአንድ ቤተ ሰብ ኑሮ ጋር ማስማማት የሥራችን ዋና ጥበብ መሆኑን ከልቤ አምናለሁ። እናት ገና ሳይነጋ ወደ ጌሾ ተራ ትወጣለች፣ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፤ እንግዲህ ጠርሙሱን ማን ያውጣው፣ ማንስ ያውርደው? ይህን ሳይጠይቅ ስለ ተሕዋስያን ብቻ ሰብኮ የወጣ ሰው ከጭብጨባ በቀር የሚያተርፈው የለም። ስለዚህ ትምህርቱን ከመጀመሬ በፊት ቤት የሚውለው ማን እንደ ሆነ እጠይቃለሁ፤ ጣራው ላይ ከቀትር በኋላ የአዲሱ ፎቅ ጥላ ይወድቅበት እንደ ሆነም ቆሜ አያለሁ፤ ጠርሙሶቹም በሁለት ወገን ተከፍለው አንዱ ወገን ሲጠጣ ሌላው ፀሐይ ላይ እንዲውል አስማማለሁ። ለቁራሌው ለመሸጥ ጣራ የሚወጡ ልጆችን መጠበቅም አለና፣ ጠርሙሶቹ ላይ በማይለቅ ቀለም ምልክት ማድረግ ይረዳል።

ይህ ሁሉ የእኔ የብቻ ግምት አይደለም። ዘዴውን በቤይሩት አሜሪካን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር አፍቲም አክራ ከባልደረቦቻቸው ጋር መርምረው፣ እ.ኤ.አ. በ1984 በዩኒሴፍ በኩል ካሳተሙት መጽሐፍ ወዲህ በብዙ አገር ተፈትኗል። በአገራችን በሰሜን ጎንደር ዳባት ወረዳ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ጥናት፣ ከ5 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የተቅማጥ ሕመም በ40 ከመቶ ያህል መቀነሱን አሳይቷል፤ በቦሊቪያ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ግን ጉልህ ለውጥ አላገኘም። በቦሊቪያው ጥናት ዘዴውን በትክክል ሲሠሩበት የታዩት በአማካይ 32 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ፀሐይዋም፣ ጠርሙሱም በሁለቱም ዘንድ አንድ ነው፤ ስለዚህ የቦሊቪያውን ውጤት የማነበው ዘዴው ስለማይረባ ሳይሆን ጠርሙሱ በየማለዳው ስላልወጣ ነው ብዬ ነው።

ጠርሙሱን በተመለከተ መርካቶ እጅግ የታደለ ሰፈር ነው። ምናለሽ ተራ ባዶ ሃይላንድ በክምር ይሸጣል፤ ሆኖም ላምባ፣ በረኪና ወይም ዘይት የተያዘበት ከንጹሑ ጋር ተቀላቅሎ ስለሚገኝ፣ ክዳኑን ከፍቶ ሳያሸቱ መግዛት አይገባም። ከ2 ሊትር የማይበልጥ፣ ያልተጫጫረና ያልደበዘዘ ይመረጣል፤ አረንጓዴውና ቡናማው ጨረሩን ስለሚከለክል አይረባም። ጠበል የመጣበትን ጠርሙስ ለሌላ ተግባር ማዋል የማይወዱ ቤቶች አሉ፤ አክብሬ አልፋቸዋለሁ እንጂ አልከራከርም። ላስቲኩ ፀሐይ ሲመታው መርዝ ያወጣል የሚል ፍርሃትም አለ፤ ከላስቲኩ ወደ ውሃው የሚያልፈው ነገር ለመጠጥ ውሃ ከተወሰነው ልክ እጅግ በታች መሆኑ ስለ ተመረመረ፣ ይህን ሳልሸሽ እመልሳለሁ። የነጻውም ውሃ ወደ ሌላ ዕቃ ሳይገለበጥ ከጠርሙሱ በቀጥታ ወደ ኩባያ ይቀዳል፤ ብርሃኑ እንደ ክሎሪን በውሃው ውስጥ ቀርቶ ዘብ የሚቆም አይደለምና።

ዘዴው የማይችለውን ነገር ለሰው መሰወር ኃጢአት ነው ብዬ አምናለሁ። የደፈረሰ ውሃ በፀሐይ አይነጻም፤ ጠርሙሱን በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ አቁመው ከአፉ ወደ ታች ሲያዩ የጋዜጣው ርእስ የማይነበብ ከሆነ፣ አስቀድሞ ማስተኛትና በነጠላ ማጥለል ያሻል። ፍሎራይድና ሌላ ኬሚካል ያለበትንም ውሃ ምንም አያደርገውም። ከሁሉ የሚከብደው ግን ክረምቱ ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ድረስ ዝናቡ ጎርፉን ወደ ቧንቧው የሚያስጠጋበት፣ ተቅማጥም የሚበረታበት ወራት ፀሐይዋ የምትሰወርበት ወራት ሆኖ ይገኛል። ዝናብ በተከታታይ በሚውልባቸው ቀኖች ጠርሙሱን አውርደው ውሃውን እንዲያፈሉ፣ አለዚያም እንደ ውሃ አጋር ያለ የክሎሪን መድኃኒት እንዲጨምሩበት አጥብቄ አሳስባለሁ። ከክረምቱ በኋላ ብዙው ቤት ልማዱን ረስቶ ስለሚቆየኝ፣ የመስቀል በዓል እንዳለፈ ዙሩን እንደ ገና እጀምራለሁ፤ አስቀድሜም የማንኳኳው 6 ወር የሞላው ሕፃን ያለበትን ቤት ነው፤ ከእናቱ ጡት ሌላ ውሃ መቅመስ የሚጀምረው በዚያ ዕድሜ ነውና።