በማክሮፋጅ ሆድ ውስጥ ያለው ነጥብ

ቁንጭር ከያዘው ሰው ናሙና ስወስድ የቁስሉን መሃል አልነካም። መሃሉ ቅርፊትና የሞተ ሥጋ ነው፤ ተውሳኩ የሚገኘው ቀልቶ ካበጠው ጠርዝ ነው። «አባባ፣ ትንሽ ይቆነጥጥዎታል» ብዬ ጠርዙን በሁለት ጣቴ ደሙ እስኪሸሽ ጨምቄ እይዛለሁ፤ በምላጭ ጫፍ ሰንጥቄ የስንጥቁን ግድግዳ እፍቃለሁ። ደም የበዛበት ስላይድ አይነበብም።

እንደ ኮሶዬ ባለ ገደላማ ደጋ ሽኮኮ አይጠፋም፤ ቁንጭርን የሚያመጣው ተውሳክ፣ የሌይሽማኒያ ኢትዮፒካ፣ ማደሪያም ሽኮኮ ነው። ወደ ሰው የምታሻግረው የአሸዋ ዝንብ ናት።

ጭንቁ የሚመጣው ጊምሳ የተባለውን ቀለም የተቀባው ስላይድ ማይክሮስኮፕ ሥር ሲገባ ነው። ማክሮፋጅ የሞቱ ሕዋሳትን እየዋጠ የሚያጸዳ ስለሆነ፣ በሆዱ የሚታይ ሐምራዊ ነጥብ ሁሉ ተውሳክ አይደለም። የሞተ ኒውትሮፊል (ነጭ የደም ሕዋስ) ስብርባሪ ድፍን፣ ድቡልቡል፣ መጠኑም የተዘበራረቀ ነው። ተውሳኩ ግን ከ2 እስከ 4 ማይክሮን የሚሆን እንቁላል መሳይ ነው፤ ከኒውክለሱ ጎን ኪኔቶፕላስት የሚባል ጠቆር ያለ ትንሽ ሰረዝ አለው። ሁለቱን አብሬ ካላየሁ «ተገኝቷል» ብዬ አልጽፍም።

ያ ስብርባሪ ራሱ ትልቅ ነገር ይናገራል። ሊሞት የተቃረበ ሕዋስ ፎስፋቲዲልሴሪን የተባለውን ቅባት ከሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ወደ ውጭ ያወጣል፤ ማክሮፋጁም በዚያ ለይቶ ይውጠዋል። የሕዋሱ መሞትና መዋጥ በዘረመል የታዘዘ መሆኑ የታወቀው ከአንዲት ደቃቅ ትል ነው። በእድገቷ ከሚፈጠሩት 1,090 ሕዋሳት 131ዱ ይሞታሉ፤ ሴድ-3 የተባለው ዘረመል ይገድላል፣ ሴድ-1 ደግሞ ለማስዋጥ ያስፈልጋል። ሴድ-1 ሲበላሽ ሕዋሱ ይሞታል፣ ሬሳው ግን ሳይነሳ ይቆያል። ብሬነር፣ ሆርቪትዝና ሳልስተን በዚህ ዘርፍ ሥራቸው በ2002 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸለሙ። በእኛም ሰውነት ማክሮፋጅ ሬሳ ሲውጥ ኤልኤክስአር የተባለው ተቆጣጣሪ ይነቃና የመዋጫውን ተቀባይ መርቲኬን ያበዛል፣ የብግነት ዘረመሎችንም ያረግባል።

ተውሳኩ የሚገባው በዚሁ ጸጥታ ነው። የቅርብ ዘመዱ በሆነው በሌይሽማኒያ ሜጀር ላይ በተደረጉ ጥናቶች፣ ተውሳኩን ቀድሞ የሚውጠው ኒውትሮፊል ነው፤ ኒውትሮፊሉ ሲሞት ማክሮፋጁ ተውሳኩን ከነሬሳው ሊውጠው ይችላል፣ ሳይቆጣም ይቀበለዋል። ስለዚህ ስብርባሪ የሞላውን ማክሮፋጅ «ቆሻሻ ነው» ብለው ለሚያልፉ ጀማሪዎች፣ ማጉያውን ሳይለውጡ ማስተካከያውን ቀስ ብለው ከፍ ዝቅ እያደረጉ ያንን ሰረዝ እንዲፈልጉ እነግራቸዋለሁ። በቆየ ቁስል ላይ ተውሳኩ እየሳሳ ስለሚሄድ፣ ስላይዱ ባዶ ሆኖ ጠርዙ ገና ካበጠ ከሌላ ቦታ ደግሜ እፍቃለሁ።