የካፒቴኑ የመድኃኒት ሣጥን

በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ከለንደን ወደ አውስትራሊያ የሚጓዝ የሸራ መርከብ ሦስት ወር ገደማ በባሕር ላይ ይቆይ ነበር። አብዛኞቹ የንግድ መርከቦች ሐኪም ስላልነበራቸው የታመመውን የሚያክመው ካፒቴኑ ነው፤ ተስፋው ደግሞ አንዲት የእንጨት ሣጥን።

ሣጥኗን ባሰብኩ ቁጥር የሚገርመኝ አሠራሯ ነው። ማዕበል ሲያናውጣት ጠርሙስ ከጠርሙስ እንዳይጋጭ ለእያንዳንዱ በልኩ ማስቀመጫ ተበጅቶለታል። ከሥር ባለው መሳቢያ ትንሽ ሚዛን፣ ሙቀጫና የቁስል ጨርቅ ይቀመጣል። ለወባ ኪኒን አለ፤ እኛ ዛሬ እንክብሉን ሁሉ የምንጠራበት ቃል የመጣው ከዚሁ መድኃኒት ነው። ለሕመም በአልኮል የተዘጋጀ ኦፒየም፣ ለሆድ ድርቀት የጉሎ ዘይት።

የሎሚ ጭማቂ ለብቻው ይጫናል። ድድ የሚያደማውን፣ ጥርስ የሚያረግፈውን ስከርቪ የሚከላከለው እሱ ነበርና በእ.ኤ.አ. 1867 የወጣው የእንግሊዝ ሕግ ጥራቱ ተመርምሮ እንዲጫን አስገደደ። በ1868 ደግሞ በግሪኒች የመርከበኞች ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ሃሪ ሊች ለካፒቴኖች የሕክምና መመሪያ መጽሐፍ አዘጋጀ።

ያንን መጽሐፍ በፋኖስ ብርሃን ገልጦ፣ በሚወዛወዝ ወለል ላይ ቆሞ፣ ለአንድ ወጣት መርከበኛ መድኃኒት በጥንቃቄ የሚመዝነው ካፒቴን ከዓይኔ አይጠፋም።