ወንዝ ዙፋንን ያቆማልን? ስለ ዊትፎገል «የምሥራቅ ፍጹማዊ አገዛዝ» የቀረበ ሒስ

ሰፊ ንጉሠ ነገሥታዊ ግዛትን የሚያቆመው መሬቱ ነው ወይስ የሕዝቡ ሥርዓት? ይህ ጥያቄ ጥንታዊ ቢሆንም፣ ካርል ዊትፎገል በ1957 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዘመናት እንዲሁ ናቸው) ባሳተሙት መጽሐፍ እንደ መለሱት ያህል በድፍረት የመለሰው ጥቂት ነው። የመጽሐፉ ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ ዝናም በማይበቃበት ምድር ታላላቅ ወንዞችን ለመግራት ብዙ ሕዝብ በአንድነት መሥራት አለበት፤ ብዙ ሕዝብ የሚሠራበትም ነገር አዛዥ፣ ጸሐፊና ቈጣሪ ይሻል፤ ይህ የሹማምንት ማኅበር ውሎ አድሮ ተቀናቃኝ የሌለው ገዥ ይሆናል። የዚህም ዋና ምስክር ቻይና ናት።

የአሳቡ ብርታት አይካድም። የነገሥታትን ታሪክ ከአዳራሹ አውጥቶ ከገበሬው አካፋ ጋር ያገናኘዋል። ቢጫው ወንዝ ከደጋው አጥቦ ያመጣውን አፈር በሜዳው ላይ ሲያራግፍ፣ የገዛ መሄጃውን ከአካባቢው መሬት በላይ ከፍ ያደርገዋል፤ ዳርቻው በተደረመሰ ጊዜም የሚሰጥመው አንድ መንደር ሳይሆን አውራጃ ነው። እንዲህ ያለውን ወንዝ መንደርተኛ ብቻውን ሊገታው አይችልም።

ይሁን እንጂ ምክንያትና ውጤት በየተራቸው ሲመረመሩ ነገሩ ይናጋል። ቻይናን በ221 ከክርስቶስ ልደት በፊት አንድ ያደረገው የቺን መንግሥት ጽኑ ሥርዓቱን ያገኘው፣ ሻንግ ያንግ የተባለው ሹም ከ356 ገደማ ጀምሮ ባወጣው ደንብ ነው። ቤተ ሰቡ ሁሉ በመዝገብ ተጻፈ፤ ማዕርግ በትውልድ መሆኑ ቀርቶ በጦር ሜዳ ሙያ ሆነ፤ ለአንዱ ጥፋት ጎረቤቱ ተጠያቂ ሆነ። የዜንግጉዎ ታላቅ ቦይ የተጀመረው ግን በ246፣ ማለት ከ110 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። የጥንቱ ታሪክ ጸሐፊ ሲማ ቺየን እንደሚተርከው፣ የቦዩን መሐንዲስ የላከው ሃን የተባለው ጎረቤት መንግሥት ነበር፤ ዓላማውም የቺን ጕልበት በቍፋሮ እንዲደክም ነው። ተንኰሉ ቢታወቅም ሥራው ቀጠለ፤ መሬቱም ለማ፤ ቺንም በረታ። እንግዲህ ቦዩ ብርቱውን መንግሥት አልወለደም፤ ብርቱው መንግሥት ቦዩን ቈፈረ እንጂ። ውሃው በኋላ የገዥውን ክንድ ማጽናቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ማጽናትና መፍጠር አንድ አይደሉም።

ሁለተኛው ጕድለት ልዩ ልዩ ሥራዎችን በአንድ ስም መጥራት ነው። በሱዊ ነገሥታት ዘመን ከ605 እስከ 610 ዓ.ም. የተያያዘው ታላቁ ቦይ በዋናው የደቡብን እህል ወደ ሰሜን ለማጓጓዝ የተሠራ የውሃ መንገድ እንጂ የእርሻ መስኖ አይደለም። ኤድመንድ ሊችም በ1959 ስለ ሲሎን፣ ማለት ስለ ዛሬይቱ ስሪ ላንካ፣ ሲጽፉ ታላላቆቹ የውሃ ሥራዎች በብዙ መቶ ዓመታት ጥቂት በጥቂት የተጨመሩ መሆናቸውን፣ የመንደሩም ኵሬ ያለ ማእከላዊ ሹም መተዳደሩን አስረድተዋል።

ሦስተኛውና ከባዱ ጕድለት በሩስያ ላይ ይታያል። የሩስያ ገበሬ በዝናም ያርሳል፤ የንጉሡ ሥልጣን ግን ወሰን አልነበረውም። ጸሐፊው ይህን ሥርዓት ሞንጎሎች አመጡት ይላሉ። አገዛዝ ያለ ውሃው ከአገር ወደ አገር የሚሻገር ከሆነ ግን፣ ውሃው ግድ አለመሆኑን እርሳቸው ራሳቸው መሰከሩ ማለት ነው። የኢትዮጵያም ደጋ በአብዛኛው በዝናም የሚታረስ ነው፤ ነገሥታቱ የቆሙት በመስኖ ቦይ ሳይሆን በጕልትና በግብር ላይ ነበር።

ኦወን ላቲሞር በ1940 ስለ ቻይና የውስጥ እስያ ጠረፎች ባሳተሙት ጥናት የተሻለውን መንገድ ያሳያሉ። በታላቁ ግንብ አካባቢ እርሻና ግጦሽ ይዋሰናሉ፤ ሆኖም ጠረፉ መስመር ሳይሆን ሰፊ ምድር ነው፤ በዚያ የሚኖረውም ሰው እንደ ዘመኑ ኀይል ወደ ማረሻው ወይም ወደ ፈረሱ ያዘነብላል። መሬቱ ያው ሲሆን አኗኗሩ ይለወጣል። የሁለቱ ሊቃውንት ልዩነት በመጽሐፍ ብቻ አልቀረም፤ ዊትፎገል በ1951 በአሜሪካ ሴኔት ንኡስ ኮሚቴ ፊት ቀርበው በላቲሞር ላይ መስክረዋል። በ1933 በናዚዎች የታሰሩት የቀድሞው ኮሙኒስት ፍጹማዊ አገዛዝን መጥላታቸው የሚገባ ነው፤ የሶቪየትን መንግሥት ለመክሰስ መቸኰላቸው ግን የምርምሩን ሚዛን አዛብቶታል።

ነገሩ ከሊቃውንት ክርክር ያልፋል። ፍጹማዊ አገዛዝ የአፈርና የውሃ ፍሬ ነው ከተባለ፣ በታላቅ ወንዝ ዳር የተወለደ ሕዝብ ሁሉ ለመገዛት ተፈርዶበታል፤ የገዥውም በደል በወንዙ ይላከካል። ሻንግ ያንግ ደንቡን ሲያወጣ ያስገደደው ወንዝ አልነበረም። ስለዚህ የአንድን ሰፊ መንግሥት ሥርዓት የሚያጠና ተማሪ ወንዙን ከመለካቱ በፊት፣ መዝገቡን፣ ግብሩንና የግዳጅ ሥራውን ማን እንዳዘዘ፣ ለማንስ ጥቅም እንደ ዋለ ይጠይቅ።