የቡና አበባ ረቂቅ መንገደኛ

ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት በመዘገበው የካፋ ደን ውስጥ፣ በዴቻ ወረዳ ማንኪራም ሆነ በቦንጋ ዙሪያ በየጓሮው፣ ድርቁ በዝናብ ሲሰበር የቡናው እምቡጥ ከሳምንት ጥቂት አልፎ ይፈነዳል። አበባው ነጭ ነው፤ መዓዛው ያውዳል፤ በሁለት በሦስት ቀን ይጠወልጋል። ንቡም ሰዉም የሚያውቀው ይህንኑ ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን አበባው ውስጥ የሚካሄደው ጉዞ ነው።

የወንዴው ብናኝ በሴቴዋ ጫፍ ላይ ሲያርፍ ውሃ ይመጥና አንዲት ቀጭን ቱቦ ያበቅላል። ቱቦዋ ሁለት የወንዴ ዘር ሕዋሳት ተሸክማ፣ ከብናኙ በመቶዎች እጥፍ የሚረዝመውን የሴቴዋን ዘንግ እየሰነጠቀች ወደ እንቁላሉ ትወርዳለች። የዕፅዋት ሕዋስ በግድግዳ የታጠረ በመሆኑ መዳህ አይችልም፤ ስለዚህ ጫፏን ብቻ እያስረዘመች ትሄዳለች።

ሙያው ሁሉ ጫፏ ላይ ነው። ሮፕ የሚባሉ ፕሮቲኖች በጫፉ ሽፋን አንድ ቦታ ተሰብስበው አቅጣጫውን ይለያሉ። ካልሲየም እዚያው ይከማቻል። የሕዋሱ አጽም የሆኑት የአክቲን ክሮች የግድግዳ መሥሪያ የያዙ ጥቃቅን ከረጢቶችን ወደዚያው ያደርሳሉ። የጫፉ ግድግዳ ለስላሳ ሆኖ ሲለጠጥ የጎኑ ይጠነክራል። የሮፕ ቦታ ጥቂት ወደ ጎን ቢያዘነብል ክሩም ከረጢቱም ይከተለዋል፤ ቱቦዋ ትታጠፋለች። ቁጠባዋ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ይማርከኛል፦ ሕያው አካሏ በሙሉ ወደ ፊት ይሰበሰባል፤ ባዶ የቀረው የኋላ ክፍል መንገደኛ አልፎ እንደሚዘጋው በር በየቦታው ይደፈናል።

ይህ አሠራር በዋናነት የተጠናው እንደ ትምባሆና ሊሊ ባሉ ዕፅዋት ላይ ነው። ጃፓናዊው ቴትሱያ ሂጋሺያማና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 ቶሬኒያ በተባለች አበባ፣ ከእንቁላሉ ጎን ያሉ ሕዋሳት ቱቦዋን የሚጠሩባቸውን ትንንሽ ፕሮቲኖች አሳወቁ። የሮፕ ዘመዶች በእኛም አካል ውስጥ አሉ፤ ነጭ የደም ሕዋስ ወደ ቁስል የሚዳኸው በእነሱ ምሪት ነው።

ቱቦዋ ደርሳ ስትፈነዳ አንደኛው ዘር ከእንቁላሉ ጋር ተዋሕዶ ፅንስ ይሆናል። ሌላው ከአጠገቡ ካለ ሕዋስ ጋር ተዋሕዶ የፅንሱን ስንቅ ይሠራል። የምንቆላው ቡና አብዛኛው አካሉ ይህ ስንቅ ነው። ከማጠቡና ከመቁላቱ በፊት ያለው ትልቁ የቡና ሙያ እዚህ ያለ ይመስለኛል።

አንድ ፍሬ ሁለት እንቁላል ይይዛል፤ እያንዳንዱም የራሱን ቱቦ ይጠብቃል። ሁለቱም ሲሳካላቸው ፊት ለፊት ተጣብቀው ያድጋሉና የቡናው አንድ ጎን ጠፍጣፋ ይሆናል። ለቁሌት ቡና ስትለቅሙ ጠፍጣፋ ጎን የሌላት ድቡልቡል ቡና ካገኛችሁ፣ ከሁለቱ አንዱ ብቻ የጸናባት ናት።